ለቱርቦዋ መኪና የመረጥኩት ካንዴላ

ወንድ ልጅ ካንዴላ ሲመርጥ አይቶ የማያውቅ ሰው፣ ወንድ ልጅ ሚስት ሲመርጥ ለምን ተሳሳተ ብሎ መገረም የለበትም። እኔ አይቻለሁ። አባቴ በተወልኝ አንድ በር ሱቅ፣ ሶማሌ ተራ መካከል፣ ከባንኮኒ ኋላ ቆሜ ስንት ዓመት ሙሉ አይቻለሁ። ካንዴላ ማለት ሞተር ውስጥ በብልጭታ ቤንዚን የሚያቀጣጥል፣ ከአውራ ጣት ብዙ የማይበልጥ የብረትና የሸክላ ዕቃ ነው፤ ከዚያ በላይ ምስጢር የለውም። ገዢው ግን ያነሳዋል፣ በመዳፉ ይመዝነዋል፣ ያሸተዋል፣ እፍ ይልበታል፣ ጆሮው አጠገብ አድርጎ ይነቀንቀዋል። ከዚያ “ኦሪጅናል ነው?” ይለኛል። “ነው” እላለሁ። ክርስቲያኑ “ማርያምን በይ”፣ ሙስሊሙ “ወላሂ በይ” ይለኛል። ካስማለኝ በኋላ እኔን ትቶ ጎረቤቴ ሱቅ ይገባና ያንኑ ካንዴላ ደግሞ ያሸታል።

እውነቱን ለመናገር ጥርጣሬያቸው ከሜዳ የመጣ አልነበረም። በደርግ ዘመን የመኪና ዕቃ እንደ ልብ አይገባም ነበር። ከምናለሽ ተራ የተለቀመ ያረጀ ካንዴላ በቤንዚን ታጥቦ፣ በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ፣ አዲስ ካርቶን ለብሶ ሁለተኛ ሲዳር በዓይኔ አይቻለሁ። በእጄም አላደረግሁትም ብዬ አልምልም።

የከተማው መኪና ሁሉ አርጅቶ ነበር። ታክሲዎቹ ከቤንዚኑ ይልቅ ዘይቱን የሚጠጡ ነበሩ፤ አንዷ ዳገት ስትወጣ ከኋላዋ የሚወጣውን ጭስ ያየ ጭድ ተራ ተቃጠለ ብሎ ይሮጣል። ካንዴላ ደግሞ ሁለት ዓይነት ጠባይ አለው። ትኩስ የሚባለው ሙቀቱን ጫፉ ላይ ይዞ የሚቆይ ነው፤ የነተበ ሞተር የሚተፋበትን ዘይት እዚያው አቃጥሎ ራሱን ያጸዳል። ቀዝቃዛ የሚባለው ሙቀቱን ቶሎ ወደ ብረቱ የሚያሳልፍ ነው፤ እሱ የተሠራው ለጤነኛና ለኃይለኛ ሞተር ነው። ጤነኛና ኃይለኛ ሞተር ደግሞ በሰፈራችን አልነበረም። ስለዚህ ትኩስ ካንዴላ ጥሩ፣ ቀዝቃዛ ካንዴላ መጥፎ ነው ብለን በአንድ ድምፅ አጽድቀን ተቀምጠናል። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር በአንድ ድምፅ ነበር የሚጸድቀው።

የሱቄ ዝና ግን በሙከራው ነበር። ደጃፌ ላይ፣ በእንጨት ሣጥን ላይ፣ የጭነት መኪና ባትሪ ተቀምጧል። ከባትሪው ጎን ቦቢና አለ፤ የባትሪውን ጉልበት አብዝቶ ለካንዴላ የሚልከው እሱ ነው። ከቦቢናው በወጣው ሽቦ ጫፍ ላይ ካንዴላውን እሰካና ነካ ሳደርገው፣ ጣ ጣ ጣ እያለ ሰማያዊ እሳት በአፉ ላይ ይዘላል። የእሳቱ ርዝመት የሚወሰነው በካንዴላው አፍ ክፍተት ነው። አፉን በፒንሳ ከፈት ባደረግሁት ቁጥር እሳቱ ይረዝማል፣ ጩኸቱ ይጎላል፣ ተመልካቹም “እሰይ!” ይላል። ታክሲ ነጂው፣ ሰዓት ጠጋኙ፣ ጭነቱን ጎጃም በረንዳ አራግፎ የመጣ ሾፌር፣ ከበስተኋላ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ በእግሩ የሄደ ኩሊ፣ ሁሉም ዳኛ ነው። “ይቺ እሳት ትሰጣለች፣ ያቺ አትሰጥም” እያሉ ይፈርዳሉ። አፉን የምከፍተው እኔ ነኝ፤ ምስጋናውን የምሰበስበውም እኔ። ረዥም እሳት የጥሩ ካንዴላ ምልክት ነው ብሎ ያስተማረኝ የለም። ግን ሰው ሲጨበጨብለት ያመነውን ነገር ማን ያስተወዋል?

ሙከራዬን የማይወዱ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። መሳለሚያ አጠገብ ትንሽ ጋራዥ ያላቸው፣ ሙያውን ከጣልያን መካኒኮች የተማሩ፣ የአባቴ ጓደኛ። ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። የካቻቪቴያቸውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፤ ከዚያ የቱ ጋ እንደታመመ በአንድ ቃል ይናገራሉ። ወሬ አይወዱም። አባቴ ሞቶ ገበያው “ከሴት ካንዴላ አንገዛም” ብሎ ፊቱን ሲያዞርብኝ፣ የራሳቸውን ደንበኞች “ከእሷ ሱቅ ካልሆነ አልገጥምም” እያሉ የላኩልኝ እሳቸው ናቸው። ሱቁን ያቆሙት ጋሼ ናቸው ብል ግነት አይሆንም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ የሠራሁትን ስናገር በማን ላይ እንደሠራሁት እንዲታወቅ ብዬ ነው።

አንድ ጠዋት ሱቄ ደጃፍ ላይ አንዲት ቀይ መኪና መጥታ ቆመች። ከአንድ ኤምባሲ ወደ አገሩ የተመለሰ ሰው ትቷት ሲሄድ፣ አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ “ለሥራ ጉዳይ” ብሎ ተረክቧት ነበር። ጓድ ኃላፊ እያልኩ ነው የምጠራው። ያኔ አንቱ ስለው ኖሬያለሁ፤ ዛሬ ወረቀት ላይ አንተ ብለው ማን ይከለክለኛል። ሆዱ ከመሪው ጋር እየታገለ ወረደና ቀበቶውን ወደ ላይ ጎተተ። በሌላው በር ጋሼ ወረዱ፤ መኪናዋን እንዲያድሱ የታዘዙት እሳቸው ነበሩ።

“ይህች መኪና ቱርቦ ናት!” አለ ጓድ ኃላፊው፣ ለእኔ ሳይሆን ለመንገዱ ሁሉ። ቱርቦ ምን እንደሆነ ግን አያውቅም ነበር። እኔም አላውቅም ነበር፤ ግን አንገቴን ነቀነቅሁ። ያስረዱት ጋሼ ናቸው። “ተራ ሞተር አየሩን ራሱ ነው የሚጎርሰው። ይህችን ግን የራሷ ጭስ የሚያሽከረክረው ማራገቢያ እላይ በላዩ ያጎርሳታል። ዳገት ላይ እግርህን ጫን ስትል አየሩ ውስጧ ይታጨቃል። ጉልበቷም ከዚያ ነው፣ ጣጣዋም ከዚያ ነው” አሉ።

“ታዲያ ለእሷ የሚመጥን ኃይለኛ ካንዴላ ይሰጠን” አለ ጓድ ኃላፊው።

ጋሼ ወደ ላይኛው መደርደሪያ አመለከቱኝ። “ልጄ፣ አባትሽ ድሮ ለውድድር መኪኖች ያስመጣው ካርቶን አለ። አቧራ የጠጣው። እሱን አውርጂልኝ።”

አወረድኩት። አራት ካንዴላዎች፣ ቀዝቃዛ ዓይነት፣ አፋቸው የጠበበ። አባቴ ከሞተ ጀምሮ የሚጠይቃቸው ሰው ስላልነበረ አይጥ እንኳን ንቋቸዋል። ጋሼ ሳይሞከሩ ሊወስዷቸው ነበር፤ ጓድ ኃላፊው ግን ዝናዬን ሰምቷል። “በሕዝብ ፊት ይፈተሽ!” አለ። ሕዝቡም እንደተጠራ ያህል መጣ።

መጀመሪያ የጋሼን ካንዴላ ሰካሁት። እሳቱ ለመታየት አጎንብሱልኝ የሚል ዓይነት ነበር። ጠብ፣ ጠብ፣ እንደሚያንጠባጥብ ቧንቧ። አንዱ ሳቀ፣ ሌላው ተከተለ። ከዚያ ለታክሲ የምሸጠውን ትኩሱን ካንዴላ አነሳሁ፤ አፉን በፒንሳ ከወትሮው በላይ ከፈትኩትና ሰካሁት። ጣ! ጣ! ጣ! ሰዓት ጠጋኙ ባርኔጣውን አወለቀ። ጓድ ኃላፊው እንደ ተሸለመ ሰው ደረቱን ነፋ።

ጋሼ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። “ጓድ፣ ይህ እሳት እዚህ ደጅ ላይ ነው የሚያምረው። ሞተሯ ውስጥ የታጨቀ አየር ነው የሚጠብቀው። በታጨቀ አየር ውስጥ ረዥም እሳት መሻገር ያቅተዋል፣ ይታፈናል፤ አጭሩ ግን ያልፋል። በዚያ ላይ ይሄኛው ትኩስ ነው። ዳገት ላይ ፍም ሆኖ ቤንዚኑን ያለ ጊዜው ያቀጣጥልና ፒስተኗን ይበሳዋል።”

እንዲህ ረዥም ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም። ያኔ ዝም ብዬ ቢሆን ኖሮ። ግን ሰው ከቦኛል፣ የሱቄ ዝና ተነክቷል፣ ምላሴ ደግሞ ከእኔ ቀድማ የምትነቃ ናት። “ጋሼ እሳት የሚመርጡት በራሳቸው ዕድሜ ልክ ነው” አልኩ።

ሶማሌ ተራ እንደዚያ ቀን ስቆ አያውቅም። ኩሊዎቹ ሸክማቸውን አውርደው ሳቁ። ጓድ ኃላፊው እንባው እስኪመጣ ሳቀ። “ጓዲት ልክ ናት! ሽማግሌው፣ የእሷን ግጠም! ስጋትህን ለራስህ ያዝ!” አለ። በዕድሜ የአባቱ ያህል የሆኑትን ሰውዬ አንተ ሲላቸው ሳቁ ቀጠለ። ጋሼም ፈገግ አሉ፤ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉና ካንዴላዎቹን ተቀበሉኝ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እኔ ግን አፌ ሲያመልጥ አውቄ ነበር፤ ደስ ብሎኝ ነው ያስመለጥኩት።

የሚገርመው መኪናዋ በመጀመሪያው ሳምንት ሽር ብትን አለች። ከተማ ውስጥ በዝግታ ስትሄድ ቱርቦው አያጎርስም፤ ማንኛውም ካንዴላ ይበቃታል። ጓድ ኃላፊው ሱቄ ደጃፍ ሲያልፍ ጥሩምባ ይነፋልኝ ጀመር። ጋሼን መንገድ ላይ ሳገኛቸው “መኪናዋ እንዴት ናት ጋሼ?” አልኳቸው፣ በድምፄ ውስጥ ማር ቀብቼ። “ገና ዳገት አልወጣችም” አሉና አለፉ።

ዳገቱም መጣ። ከወዳጅ አገር አንድ እንግዳ መጥቶ ኖሮ፣ ጓድ ኃላፊው ከተማውን ከላይ ላሳይህ ብሎ በቀይዋ መኪና ወደ እንጦጦ ይዞት ወጣ። የሆነውን የሰማሁት ያን ቀን መኪናዋን ይነዳ ከነበረው የመሥሪያ ቤቱ ሾፌር ነው። ዳገቱ ላይ እግሩን ጫን ሲል ቱርቦው ማጉረስ ጀመረ፤ ሞተሩም አስነጠሰ። ደግሞ አስነጠሰ፣ ተንፈራገጠ። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ቁልቁል እየወረዱ ቆመው አዩአቸው። ሾፌሩ “እንመለስ ይሆን?” ቢል፣ ጓድ ኃላፊው በእንግዳው ፊት መመለስ የሚባል ነገር የለም አለ። “ርገጠው!” አለ። ረገጠው። ከኮፈኑ ሥር አንድ ድምፅ ተሰማ፣ ከዚያ ነጭ ጭስ፣ ከዚያ ዝምታ። የወዳጅ አገር እንግዳ ከእንጦጦ የወረደው በግንድ ጫኝ መኪና፣ ከግንዱ ላይ ተቀምጦ ነው። ፒስተኗ ሲፈታ መካከሉ ላይ ጣት የሚያሳልፍ ቀዳዳ ተገኘበት፤ ልክ ጋሼ እንዳሉት።

ልክ መሆን ግን አያድንም። እንግዳ ፊት ያፈረ ባለሥልጣን ጥፋተኛ ያስፈልገዋል፤ እሱ ራሱ ሊሆን አይችልም፣ ረዥሙ እሳትም ሕዝብ የመረጠው ነው። የቀረው የገጠመው እጅ ነበር። በማግስቱ አብዮት ጠባቂዎች መሳለሚያ ሄደው ጋሼን ከነቱታቸው ወሰዷቸው። ክሱ “በመንግሥት ንብረት ላይ የተፈጸመ አሻጥር” የሚል ነበር። አሻጥር ማለት በዚያ ዘመን ቀላል ቃል አልነበረም፤ በእሱ ገብተው ያልተመለሱ ሰዎች አሉ።

በሳምንቱ መጨረሻ የቀበሌው የፍርድ ሸንጎ በአዳራሹ ተሰበሰበ። እኔም ተጠራሁ። ሊቀመንበሩ ብስክሌት ላይ እንኳን ተቀምጦ የማያውቅ ሰው ነበር፤ ስለዚህ ስለ ሞተር በድፍረት ተናገረ። ጓድ ኃላፊው ከፊት ረድፍ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። ጋሼ ቆመዋል፤ ጫማቸው ገመድ የለውም።

“ካንዴላው ስህተት መሆኑን አውቄ ነበር ትላለህ?” አላቸው ሊቀመንበሩ።

“አውቄ ነበር።”

“ታዲያ ማን መረጠው?”

ጋሼ ወደ ጓድ ኃላፊው አላዩም። ወደ እኔም አላዩም። “የገጠምኩት እኔ ነኝ” አሉ።

“እኛ የምናምነው በሳይንስ ነው” አለ ሊቀመንበሩ፤ “ስለዚህ ሁለቱም ካንዴላ እዚሁ በሸንጎው ፊት ይሞከር።” ለካስ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች የእኔኑ ባትሪና የእኔኑ ቦቢና ከሱቄ ተሸክመው አምጥተው፣ መፈክር የተሰቀለበት ግድግዳ ሥር አስቀምጠውታል። የመጀመሪያው ካንዴላ የጋሼ ነበር። ጠብ፣ ጠብ። ከኋላ ያለው “አይታየኝም!” አለ። ሁለተኛው የእኔ ነበር፣ ለታክሲ ከምሸጠው ካርቶን፣ አፉ እንደዚያው የተከፈተ። ጣ! ጣ! ጣ! አዳራሹ አጨበጨበ። ማጨብጨብ ለምደው ነበርና አንዴ ከጀመሩ አያቆሙም።

“ጓድ ሊቀመንበር፣ ይህ እኮ አየር ላይ ነው፤ ሞተር ውስጥ…” አሉ ጋሼ።

“አየር የሌለበት ቦታ ታውቃለህ?” አለ ሊቀመንበሩ፤ እንደገና ተሳቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። “ጓዲት፣ አንቺ ባለሙያ ነሽ። ይህ ያንቺ ካንዴላ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?”

ያን ጊዜ ብዙ ነገር ማለት ይቻል ነበር። ለታክሲ ጥሩ ነው፣ ለዚህች መኪና ግን መርዝ ነው ማለት ይቻል ነበር። ሽማግሌው ነግረውናል፣ የሳቅሁባቸው እኔ ነኝ፣ ግጠም ያላቸው እዚያ ፊት የተቀመጠው ነው ማለት ይቻል ነበር። ግን እንዲህ ካልኩ አሻጥረኛዋ እኔ ነኝ። ሱቁ ዓይኔ ላይ መጣ። እውነቱን ልናገር፣ ሱቁ ብቻ ሳይሆን ጭብጨባውም ዓይኔ ላይ መጣ። “ጥሩ ካንዴላ ነው” አልኩና ተቀመጥኩ። ሌሎቹ ምስክሮች፣ ደጃፌ ላይ ባርኔጣ ያወለቁት ሁሉ፣ በዚያ ቀን ታመው እንደነበር፣ አገር ቤት እንደነበሩ፣ ጀርባቸውን ሰጥተው እንደነበር መሰከሩ። ጋሼ በቀበሌው እስር ቤት አራት ወር እንዲታሰሩ፣ ጋራዣቸውም ለሌሎች እንዲሰጥ ተፈረደ። “ቀላል ፍርድ ነው” ተባለ፤ ለዚያም ተጨበጨበ።

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ጋሼ የተናገሩት ነገር እውነት መሆኑን ፒስተኗ መስክሯል፤ ግን በዓይኔ ማየት ፈለግሁ። ከሱቄ ቀጥሎ ጎማ የሚጠግን፣ ኮምፕሬሰር ያለው ጎሚስታ ነበረ፤ ቀና ሰው፣ ሆዱ ውስጥ ነገር የማያድር። እሱንና አንድ በያጅ ይዤ ከወፍራም የብረት ቧንቧ አንዲት መሞከሪያ አሠራሁ። በአንደኛው ጫፍ ካንዴላ ይጠመድባታል፤ በሌላው የጎማ መንፊያው ቱቦ ይገባባታል፤ ጎኗ ላይ ወፍራም ትንሽ መስታወት አለች፣ እሳቱ የሚታይባት።

የእኔን ካንዴላ ጠመድን። ጣ ጣ ጣ። ጎሚስታው አየሩን ለቀቀ። አየሩ እየታጨቀ ሲሄድ ረዥሙ እሳት ሰከረ፣ አንዴ ዘለለ አንዴ ቀረ፣ ከዚያ ድርግም አለ። ሰማያዊ ነገር የለ፣ ድምፅ የለ። ከዚያ የጋሼን አጭሩን ጠመድን። አየሩ ሞላ፤ እሱ ግን ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ፣ ምንም እንዳልሆነ ሥራውን ቀጠለ።

“ሽማግሌውን በከንቱ አስረዋቸዋላ!” አለ ጎሚስታው። “ይህችን ቧንቧ አሁኑኑ ቀበሌ ይዘሻት ሂጂ! ኮምፕሬሰሩን እኔ እሸከምልሻለሁ።”

“ነገ” አልኩት።

ነገ ሰኞ ሆነ፤ ሰኞ ሊቀመንበሩ ስብሰባ አለበት። ማክሰኞ ጓድ ኃላፊው ገና አልበረደለትም ተባለ። ቀጥሎ በዓል መጣ፤ በዓል ላይ ሰው አይታወክም። ከዚያ ደግሞ “ግማሹን ጨርሰዋል፣ አሁን ነገር ብቆሰቁስ ይብስባቸዋል” አልኩ፤ ለእሳቸው ያሰብኩ መሰለኝ። ቧንቧዋን በጆንያ ጠቅልዬ ባንኮኒ ሥር አስገባኋት። ዝም አይነቅዝም ያለው ሰው እዚያ ጎንበስ ብሎ አላየም፤ እኔ ግን ለአንድ ቁልፍ በጎነበስኩ ቁጥር ይሸተኝ ነበር። ጎሚስታውም መጠየቅ ተወ፤ የማውቀው ነገር ይኖራል ብሎ ነው።

ደጃፌ ላይ ያለውን ሙከራ አላቆምኩም። ባቆም ሰው ምን ሆነች ይላል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ከላይ ረዥሙን እሳት እያሳየሁ አስጨብጭቤያለሁ፣ ከሥር እውነቱን በጆንያ ጠቅልዬ ይዣለሁ። በየእሑዱ ደግሞ ከጋሼ ባለቤት ጋር ስንቅ ይዤ እስር ቤቱ በር ድረስ እሄድ ነበር። ከቤቴ የተሻለውን ነበር የምወስደው፤ ሥጋ ካለ ሥጋውን፣ እንቁላል ካለ እንቁላሉን። ባለቤታቸው “አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር” ይሉኝ ነበር። ሰው እንዴት እንዲህ ይባላል? እኔ ተብያለሁ፤ “ኧረ ምንም አይደል” ብዬም መልሻለሁ።

አራቱ ወር አለቀ። ጋሼ የተፈቱ ሰሞን ከሰውነታቸው ትንሽ ጎድለው፣ ጢማቸው ነጭ ሆኖ፣ ያው ቱታቸውን ለብሰው ወደ ሱቄ መጡ። ጋራዣቸው ውስጥ የማያውቋቸው ሰዎች የማያውቁትን ሥራ ይሠሩ ነበር። ቀይዋ መኪና ጎማዋ ተፈትቶ በድንጋይ ላይ ቆማ ዝናብ ትመታለች። ጓድ ኃላፊው ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት በዕድገት ተዛውሯል። እሱ ከዓይኔ ስለራቀ፣ የእኔ ድፍረትም በዚያው ልክ አደገ።

ጋሼ ሲደርሱ ሕዝቡ ተሰብስቦ ነበር፤ ከባለ ባርኔጣው ጀምሮ ያው ሕዝብ። የጠበቅኩት ጥሩ ቀን ይህ ነው ብዬ ወሰንኩ። ቧንቧዋን ከጆንያዋ አውጥቼ ሣጥኑ ላይ አስቀመጥኳት፤ ጎሚስታው የአየሩን ቱቦ ዘርግቶ ሰጠኝ። “ስሙ!” አልኩ። “ጋሼ ልክ ነበሩ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። የሳቅንባቸውም እኛ ነን። እዩ!” ረዥሙን እሳት ጠመድኩ፤ በአየሩ ታፈነና ጠፋ። አጭሩን ጠመድኩ፤ ቀጠለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ሰዓት ጠጋኙ “እኔማ ድሮም ብያለሁ” አለ። እኔም የልብ ሸክም የወረደልኝ መሰለኝ። ያን ጊዜ ራሴን እንዴት እንደወደድኩት ሳስታውስ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ጋሼ አላጨበጨቡም። ወደ ቧንቧዋ ጠጋ አሉ፣ አጎነበሱ፣ በትንሿ መስታወት ውስጥ አጭሯን እሳት ረዘም ላለ ጊዜ አዩአት። ከዚያ ብየዳውን በጣታቸው ዳሰሱት። “ጥሩ ሥራ ነው” አሉ። “ብየዳው ንጹሕ ነው። መቼ አሠራሽው?”

አፌን ከፈትኩ። ለአንዴ እንኳን ምላሴ አልቀደመችኝም። የቀደመኝ ጎሚስታው ነው፤ በሥራው ኮርቶ፣ ከልቡ ደስ ብሎት፣ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጎ፣

“እርስዎ በገቡ በሳምንቱ ነዋ ጋሼ!” አለ።

ጭብጨባው አለቀ። ጋሼ ቀና አሉ። በእጃቸው ጨርቅ ስላልነበረ እጃቸውን በቱታቸው ጠረጉ፣ አንድ በአንድ፣ ጣት በጣት። ፊታቸው ላይ ቁጣ ፈለግሁ፤ ቁጣ ቢኖር እይዘው ነበር።

“ለስንቁ እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ” አሉና ወደ መሳለሚያ መንገድ ያዙ።